ጭቃ፣ ሳፋና አንድ ስልክ

አንጋፋው፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለልጆች ጭቃና ጠጠር፣ ካርቶንና ገመድ ስጧቸው፤ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ጨምሩበት፤ ተሰብስበው ሲሠሩ ይማራሉ ነው የምትሉት። ይህ አገር እኮ ሁለቱንም ሞክሯቸዋል፤ ቁሳቁሱን በደርግ ዘመን፣ ቴክኖሎጂውን በፕላዝማ። የት እንደደረሱ እዚህ አሰላ ያስተማረ ሰው ያውቃል። ሁለት የከሸፉ ነገሮች ቢዳበሉ የተሳካ ነገር ይወጣቸዋል ማለት ከየት መጣ?

ወጣቷ፦ ለየብቻ ስለተሞከሩ ነው የከሸፉት፣ ጋሼ። በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማዕከል ነበር፤ በትምህርት ቤቶችም የመርጃ መሣሪያ ክፍል ተከፍቶ መምህራን ከቆርኪ፣ ከካርቶን፣ ከቀርከሃ ስንት ነገር ሠርተዋል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ግን መምህሩ ሠራው፣ መምህሩ ከፍ አድርጎ አሳየው፣ መምህሩ መልሶ ቆለፈበት። ተማሪው በሩቁ አየው። ፕላዝማም ቢሆን በሩቁ የሚታይ ነገር ነው። የሁለቱም ሕመም አንድ ነው፤ ልጁ እጅ የገባ ነገር የለም።

አንጋፋው፦ ፕላዝማውን በዚህ ብቻ አትለፊው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይወርድ ጀመር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። አቅራቢው ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው።

ያን የወሰኑት ሰዎች ግን ክፉዎች አልነበሩም። የመምህር እጥረት ነበረባቸው፣ ለገጠሩም ለከተማውም እኩል እንድረስ አሉ። አሁን የምትሉትም በዚያው በጎ ሐሳብ የተነሳ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ወጣቷ፦ ልዩነቱን ላሳይዎት። በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ህንድ ውስጥ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የገጠር ትምህርት ቤቶችን ሲያዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። አንድ ኮምፒውተር ብዙ ልጆች ይከቡታል፤ ማውዙን የሚይዘው ግን አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ኮምፒውተር አልጨመሩም፤ ማውዝ ጨመሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውዝ፣ ስክሪኑም ላይ የራሱ ቀስት። በኋላ በተደረገው ሙከራ አንድ ኮምፒውተር የተጋሩት ልጆች ቃላት በመያዝ ረገድ ለብቻቸው ኮምፒውተር ከተሰጣቸው አላነሱም። እኔ ከዚያ የወሰድኩት አንድ ልማድ አለ፤ ክፍል ስገባ ስንት እጅ ሥራ ላይ እንዳለ እቆጥራለሁ።

አንጋፋው፦ እጅ መቁጠሩን ተቀብያለሁ። ቡድን የምትሉት ነገር ግን እዚህ አገር ቁስል አለበት። ልጆቹ አንድ ለአምስት ሲደራጁ ጎበዙ ሌሎቹን ይዞ እንዲወጣ ነበር የታሰበው። በብዙ ክፍል የሆነው ጎበዙ መሥራቱ፣ የቀሩት መገልበጣቸው ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ቡድን ንቁ ነው። ካርቶንና ስልክ ብትጨምሪበት ጎበዙ ስልኩን ይይዛል፣ ሌሎቹ ካርቶን ይቆርጡለታል።

ወጣቷ፦ የወረቀት ካርዱን የምወደው ለዚህ ነው። ፕሊከርስ ይሉታል። ወረቀት ላይ የሚታተም ካርድ ነው፤ መሐሉ ላይ ከጥቁር ካሬዎች የተገጣጠመ ምልክት አለ፣ በአራቱ ጎኖች ደቃቅ ሆነው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተጽፈዋል። የአንዱ ልጅ ምልክት ከሌላው ይለያል። ልጁ የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን ካርዱን አዙሮ ያነሳል። ጓደኛው ቢያይ ጥቁር ምልክት ብቻ ነው የሚታየው፤ ለመኮረጅ አይመችም። መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፤ ማን ምን እንደመለሰ ስልኩ ላይ ይወጣል። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም። ትልቁ ጥቅል 63 ካርድ አለው፤ ለኛ ክፍል ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያደርጉትን ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻ ይመልሳል። መልሱ ከተከፋፈለ መምህሩ ትክክለኛውን አይናገርም፤ አጠገባችሁ ያለውን አሳምኑ ይላል። ተከራክረው ሲጨርሱ ካርዱ እንደገና ይነሳል። ጎበዙ የሌላውን ካርድ ማንሳት አይችልም፣ ባለካርዱን ማሳመን ግን ይችላል።

አንጋፋው፦ ጥሩ ድምፅ መስጫ ነው። መማሪያ ቁስ ግን አይደለም። ምርጫ ማጥቆር ደግሞ ሞልቶናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። እነዚያ ልጆች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሲመርጡ ነው ያደጉት። የጎደላቸው ሌላ ነው። የኮንቱር ካርታ ስጪያቸውና ጭላሎ የቱ ጋ ነው በያቸው። በየቀኑ በመስኮት የሚያዩት ተራራ ወረቀት ላይ ይጠፋቸዋል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው እዚያው ላይ እንቆይ። የ1:50,000 ካርታ ላይ ጭላሎ ማለት አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ የመስመር ክብ ነው። ልጁ መስመሩን መንገድ ወይም ወንዝ ይመስለዋል። አሁን አምስት ልጆች ሳፋ ውስጥ ከጭቃ ተራራ ይሥሩ። ጭቃው ጠንከር እንዲል አንድ ቀን ይደር፣ አለዚያ ውሃው ያፈርሰዋል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ቀስ ብሎ የሚወርድ ተዳፋት ይኑረው።

አንዷ ማስመሪያ ሳፋው ውስጥ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። አንዱ በጣሳ ውሃ ያፈሳል፤ ሁለት ሳንቲሜትር ሲሞላ ያቆማል። ውሃው ተራራውን የነካበት ዳር በሁሉም በኩል እኩል ከፍታ ነው። ሌላዋ በዳሩ ዙሪያ የክብሪት እንጨት ትሰካለች። አራተኛው ከላይ ሆኖ በስልክ ፎቶ ያነሳል። አምስተኛዋ ከፍታውንና የፎቶውን ቁጥር ትመዘግባለች። ቦታ ይለዋወጡና እንደገና ሁለት ሳንቲሜትር፣ እንደገና ፎቶ። ውሃው ጫፉ ላይ ሲደርስ ፎቶዎቹን በተርታ ቢያሳልፏቸው ክቡ እየጠበበ ሽቅብ ይወጣል። ገደሉ ጋ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል፣ ተዳፋቱ ጋ ተራርቀዋል። መምህሩ አንድ ቃል ሳይናገር ለምን ተጠጋጉ የሚል ጥያቄ ከልጆቹ ይመጣል።

ዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ በአሸዋ ሠርቶታል። ካሜራ የአሸዋውን ከፍታ ይለካል፣ ፕሮጀክተር ቀለምና መስመር ያወርድበታል፤ ልጁ እጁን ከላይ ሲዘረጋ የብርሃን ዝናብ ይዘንብና ሸለቆውን ተከትሎ ይወርዳል። እሱ ውድ ነው። ሳፋና ጣሳ ግን ከየቤቱ ይመጣል።

ወላጅ፦ ይቅርታ፣ አቋረጥኳችሁ። የኔ ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት። ሚኒስትሪ ላይ ጭቃ ይመጣል? ንቄ አይደለም የምጠይቀው። ልጄ ጠዋት ውሃ ቀድታ ነው የምትሄደው፤ ስትመለስ ከብት አለ፣ ገብስ ሲደርስ ደግሞ አጨዳ አለ። ለትምህርት ያለቻት ጊዜ ያቺ የክፍሏ ሰዓት ናት። እናንተ ሳፋ ስትሞሉ መጽሐፉ ሳያልቅ ሰኔ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?

ወጣቷ፦ ጭቃ አይመጣም፣ እትዬ። ካርታ ማንበብ ግን ወደፊት ይጠብቃታል። ጊዜ ይወስዳል ያሉት እውነት ነው፤ የሳፋው ሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበላል፣ በመጽሐፍ ከሆነ በአንድ ያልቃል። ሁሉም ምዕራፍ በዚህ ይሠራ አልልም። በየዓመቱ ልጆች የሚወድቁባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች መርጦ እዚያ ላይ ጊዜ ማውጣት ነው።

አንጋፋው፦ እመቤቲቱ የያዙት ነገር ከባድ ነው። ቁስ ሁልጊዜ ይረዳል የሚለውም ቢሆን ያጠራጥራል። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የኒኮል ማክኒልና የባልደረቦቿ ጥናት አለ። ልጆች የገንዘብ ሂሳብ ሲሠሩ እውነተኛ የሚመስል ብርና ሳንቲም ተሰጣቸው። ምንም ጌጥ የሌለው ገንዘብ ከያዙት ይልቅ ብዙ የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። ዓይናቸው ብሩ ላይ ቀረ።

ወጣቷ፦ የጥናቱን ሌላ ግማሽም ይናገሩት እንጂ። ስህተታቸው በቁጥር ቢበዛም ጥያቄው ምን እንደሚል ከመሳት የመጣው ስህተት አነስተኛ ነበር። ስለዚህ ቁሱ ትርጉሙን ያስይዛል፣ ስሌቱን ደግሞ ያውካል። መላው በቁስ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ቁጥር መሄድ ነው።

አንጋፋው፦ በዚህ ከተስማማን ሳፋው ላይ ስልኩ ምን ይሠራል? የክብሪት እንጨቱ ተሰክቷል። ልጁ ከላይ ሆኖ ይይና በእርሳስ ይሳለው። ከፍታ ያለውን ነገር ወደ ጠፍጣፋ ወረቀት ማውረዱ ነው ትምህርቱ። ስልኩ ያን ሥራ በአንድ ጠቅታ ሠራላቸው። ልጁ ሊታገልበት የሚገባውን ነገር ነው የቀማችሁት።

ወጣቷ፦ ልክ ነዎት። ሳፋው ላይ መጀመሪያ እርሳስ፣ ፎቶው ለማመሳከሪያ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ስልክ የሚገባው ዓይንና እጅ የማይደርሱበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ በቆጂ እንሂድ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት ከተማ ልጆች ስለ ሩጫ ሳይጠየቁ ያወራሉ። ዘጠነኛ ክፍል ስለ ፍጥነት ይማራሉ፤ ፎርሙላውን ሸምድደው ግራፉን ሲያዩ ግን ይደናገራሉ። ሜዳው ላይ በየአሥር ሜትሩ ድንጋይ ይቀመጥ። አንዷ ትሩጥ፣ አንዱ ከጎን በስልክ ይቅረጽ። ከዚያ ቪዲዮውን በየሰከንዱ እያስቆሙ በዚያች ሰከንድ የደረሰችበት ቦታ ላይ ጠጠር ያኑሩ። ጠጠሮቹ የተራራቁበት ቦታ ፈጥናለች፣ የተቀራረቡበት ቦታ ቀዝቅዛለች። አጨራረሷ ነው የፈጠነው የሚልና መሐል ላይ ነው የሚል ሲከራከሩ የሚዳኛቸው ጠጠሩ ነው። ሰዓት መቁጠሪያ ጠቅላላ ጊዜውን እንጂ የየሰከንዷን ቦታ አይሰጥም። ጠጠሮቹን ወደ ደብተር ሲያዛውሯቸው ግራፉ ከእግራቸው ሥር የመጣ ይሆናል።

አንጋፋው፦ ይህን አልከራከርሽም፤ እዚህ ላይ ስልኩ ሥራ አለው።

ወላጅ፦ ስልኩ የማን ነው?

ወጣቷ፦ የመምህሩ።

ወላጅ፦ ቢሰበርስ? ካርዱንስ ማን ይሞላለታል? መምህሩ ከደመወዙ አውጥቶ ለልጄ ኢንተርኔት ይግዛ ብል ይከብደኛል። ትምህርት ቤቱ ይግዛ ከተባለ ደግሞ መዋጮ ተብሎ ወደኛ ነው የሚመጣው።

ወጣቷ፦ የበቆጂው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካሜራ ብቻ ይበቃዋል። የወረቀት ካርዱ ሥራ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። ስልኩ ቢሰበር የሚተካ አሠራር የለም፤ መኖር አለበት። መምህሩ የግል ንብረቱን ለመንግሥት ሥራ አውጥቶ ኪሳራውም የራሱ ይሁን ማለት ፍትሕ አይደለም።

አንጋፋው፦ ከስልኩ ዋጋ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ መምህሩን ወደ ጎን የማድረግ ፍላጎት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ሰጠ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍቶ አበራው፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። የልጆቹ ብልህነት ያኮራል። ካሜራ መክፈት ግን ማንበብ አይደለም። በዚያው ዓመት ፔሩ ውስጥ የዚያው ድርጅት ላፕቶፖች የተሰጡባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ተገምግመው በሂሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም።

ወጣቷ፦ እዚሁ ኢትዮጵያ ያንኑ ላፕቶፕ ያገኙ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናትም በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ነገሮችን በማመሳሰልና በመመደብ፣ ረቂቅ ነገር በማሰብ ካላገኙት ተሽለው ተገኝተዋል። ግን አልሸሽም፤ መምህር የሌለበትን አልደግፍም። ሳፋውም ሩጫውም ያለ መምህር ጨዋታ ሆነው ይቀራሉ።

አንጋፋው፦ እንግዲያው የመጨረሻውን ልንገርሽ። ማውዝ ባበዙት የህንድ ተመራማሪዎች ጀመርሽ። ከነሱ አንዱ፣ ከማይክሮሶፍት የህንድ ምርምር ላቦራቶሪ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ኬንታሮ ቶያማ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጻፉ። የደረሱበት ምን መሰለሽ? ቴክኖሎጂ ያለውን ያጎላል፤ የሌለውን አይፈጥርም። ጥሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥሩውን ያጎላዋል፣ ደካማው ውስጥ ድካሙን።

ይህን ለመረዳት ህንድ መሄድ አያስፈልገንም። ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ ለጭላሎ አውራጃ ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር መጣ። ስንዴው አማረ። ስንዴው ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጢሰኛውን አስነሳው። ዘሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጥሩ በመሆኑ ነው ጢሰኛው የተነሳው። ክፍል ውስጥም የፊተኛው ወንበር ልጅ፣ ቤቱ ስልክ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚያነበው ይቀድማል፤ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ከበፊቱ ይልቅ ትርቃለች።

ወጣቷ፦ የካዱን ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጥቶ ጢሰኝነት ሲቀር ዘሩ ያው ዘር፣ ማዳበሪያው ያው ማዳበሪያ ነበር። የተለወጠው መሬቱን የያዘው እጅ ነው። ዛሬ የአርሲ ስንዴ ስንል የምናወራው የትንሽ ገበሬ ማሳ ነው። ስለዚህ ዘሩን አንጣለው፤ ማን ይያዘው የሚለውን አስቀድመን እንወስን። ማስመሪያውና ስልኩ በየሁለት ሳንቲሜትሩ እጅ ይለውጣሉ፤ የመጀመሪያው ተራ ደግሞ ከኋላ ወንበር ይጀምራል።

አንጋፋው፦ ለመሬቱ አዋጅ ወጣለት። ለክፍሉ ማን ያወጣለታል? 62 ተማሪ፣ 12 ሳፋ፣ አንድ ስልክ፣ 40 ደቂቃ። ተራውን የሚያስከብረው ያው አንድ መምህር ነው፤ በሳምንት ከሃያ በላይ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ። ያ ሰው ሲደክመው ደንቡ ይላላል፣ ስልኩ ጎበዙ እጅ ይቀራል።

ወጣቷ፦ ሊላላ ይችላል። ልክ ሌሎቹ ደንቦች ሁሉ እንደሚላሉት። ስለዚህ በግምት ከምንከራከር እንሞክረው። አንድ መምህር የሚያስተምራቸው ሁለት ዘጠነኛ ክፍሎች ይመረጡ። 9ኛ ኤ በሳፋና በእርሳስ፣ 9ኛ ቢ በሳፋ፣ በእርሳስና በስልክ ይማር። ከወር በኋላ፣ ሳይነገራቸው፣ የማያውቁት ተራራ ካርታ ይሰጣቸው፤ ጭላሎ ሳይሆን ካካ ይሁን።

አንጋፋው፦ ፈተናው ለየብቻ ይሁን። የቡድን ውጤት አልቀበልም። የኋላ ወንበሮቹም ውጤት ተለይቶ ይታይ።

ወጣቷ፦ ይሁን። በተጨማሪ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ የሌላ ክፍል ልጅ ካርታውን ያስረዳ። በምርጫ ጥያቄ የማይያዝ ነገር አለ።

ወላጅ፦ ስለ ሦስተኛው ክፍል ምነው ዝም አላችሁ? ሁለቱም ሳፋ ይዘዋል። ጭቃ ሳይነካ በአንድ ክፍለ ጊዜ በመጽሐፍ ተምሮ፣ በተረፈችው ሰዓት ቀጣዩን ምዕራፍ የጀመረ ክፍልም ይፈተን። እሱ ከሌለ የልጄ ሰዓት ተርፎ ይሁን ባክኖ በምን ታውቃላችሁ?

አንጋፋው፦ እውነታቸውን ነው። እሱ ከሌለ ሙከራው ግማሽ ነው።

ወጣቷ፦ 9ኛ ሲ በመጽሐፍ ይማር። ቀጣዩ ምዕራፍም ላይ ሦስቱም ይፈተኑ፤ የተረፈችው ሰዓት ምን እንደገዛች ያን ጊዜ ይታያል።

ወላጅ፦ ልጄ ለከርሞ ዘጠነኛ ትገባለች። የትኛው ክፍል ይደርሳታል?

ወጣቷ፦ በዕጣ ነው፣ እትዬ። ከፈተናው በኋላ ግን የተሻለ ሆኖ የተገኘውን ሦስቱም ክፍሎች ያገኙታል፤ መጽሐፉ ከተሻለም መጽሐፉን።